«የማንን አምባሰል?» ስለ ዘፈን መለያ ቁጥሮች በኪሳራ የተማርኩት

አባቴ ደሴ ፒያሳ ካሴት ቤት ነበረው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከባንኮኒው ጀርባ ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ የደንበኞቹን ክርክር እሰማ ነበር። አንዱ ይገባና «አምባሰል ስጠኝ» ይላል። አባቴ ቀና እንኳ ሳይል «የማንን አምባሰል?» ይለዋል። ሰውዬው የዘፋኝ ስም ይጠራል። «የቱን? የቆየውን ነው የአምናውን?» «ያንን በማሲንቆ ብቻ የሆነውን።» «በማሲንቆ የሆነ ሁለት አለ።» ሰውዬው ሲጨንቀው ማንጎራጎር ይጀምራል። አባቴ አንድ ስንኝ ይሰማና «እ! እሱን በለኛ!» ብሎ ወደ መደርደሪያው ይሄዳል።

ወሎ ውስጥ ሙዚቃ የመሸጥ ጣጣው ይሄ ነው። አምባሰል ተራራ ነው፣ ወረዳ ነው፣ ቅኝት ነው፣ የዘፈንም ርእስ ነው። ባቲም እንደዚያው። ሰኞ ሰኞ የምትገበይ ከተማ ናት፣ ቅኝት ናት፣ ከዚያ ደግሞ ስንቱ ዘፋኝ በስሟ ዘፍኗል። ትዝታንማ ተዉት።

አባቴ ለዚህ መላ ነበረው። ጠንካራ ሽፋን ያለው አንድ ትልቅ ደብተር አለችው። ሱቅ የገባ ካሴት ሁሉ እሷ ላይ ቁጥር ይሰጠዋል። ያው ቁጥር በማርከር ካሴቱ ጀርባ ላይ ይጻፋል፤ «መ-14»፣ «ከ-3» እየተባለ። ፊደሏ የዘፋኙ ስም መነሻ ናት፣ ቁጥሩ ሱቃችን የገባበት ተራ። በውስጥ ገጽ ደግሞ እያንዳንዱ ዘፈን «ሀ ገጽ 3ኛ» ተብሎ ተጽፏል። ስሙ አምባሰል ይሁን ባቲ አባቴ ግድ አልነበረውም። «መ-14፣ ሀ ገጽ 3ኛ» ካልከው ዓይኑን ጨፍኖ ያወጣልሃል።

እኔ ዛሬ ካሴት አልሸጥም። እዚያው ደሴ ትንሽ ስቱዲዮ አለችኝ። ክሊፕ አቀናብራለሁ፣ የአካባቢያችንን ዘፋኞች ሥራ ስፖቲፋይ፣ አፕል ሙዚክና ዩቲዩብ ላይ አወጣለሁ። እዚህ ሥራ ውስጥ ስገባ ነው ዓለም በሙሉ የአባቴን ደብተር እንደሚጠቀም ያወቅኩት። አሠራሩን ግን ማንም አላስተማረኝም። አንዱን በስህተት፣ አንዱን በገንዘብ፣ አንዱን በልመና ተማርኩት። ዘፈን ለማውጣት የምታስቡ ካላችሁ እኔ የከፈልኩትን ደግማችሁ አትክፈሉ ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ የማውቀው ባርኮድን ብቻ ነበር። እሱንም ከብስኩት ላይ። የመጀመሪያዬ ሥራ የአንድ ወጣት ዘፋኝ ስምንት ዘፈን ያለው አልበም ነው፣ በ2013 ዓ.ም.። በኢንተርኔት የሚሠራ፣ ዘፈን ተቀብሎ እነ ስፖቲፋይ ላይ የሚያወጣ አንድ የውጭ አከፋፋይ ጋር ተመዘገብን፣ ዘፈኖቹን ጫንን። በሳምንቱ ኢሜይል መጣ። አንድ ባለ 12 አኃዝ ቁጥር፣ ከሥሩ ደግሞ ስምንት ረጃጅም ቁጥሮች ፊደል የተቀላቀለባቸው። ልጁ «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። «የደረሰኝ ቁጥር ይሆናል» አልኩት። እንደዚያ ብዬ ዘጋሁት። በኋላ ያንን ኢሜይል ፍለጋ ሌሊት ተቀምጬ አድሬአለሁ።

ባለ 12 አኃዙ ዩፒሲ (UPC) ይባላል። የአልበሙ ባርኮድ እሱ ነው። በአባቴ ቋንቋ «መ-14» ማለት ነው፤ ካሴቱን በሙሉ የሚወክል። አውሮፓና ሌላው ዓለም በብዛት የሚጠቀመው ባለ 13 አኃዙን ነው፣ ኢኤኤን የሚባለውን። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው። ባለ 12ቱ ፊት ላይ 0 ጨምሩበት፣ ባለ 13 ይሆናል። አንዱ ድረ ገጽ ላይ 12፣ ሌላው ላይ 13 አኃዝ ሆኖ ስታዩት እንደኔ «ቁጥሬ ተቀየረ!» ብላችሁ አትደንግጡ።

ስምንቱ ደግሞ አይኤስአርሲ (ISRC) ይባላሉ። እነሱ የእያንዳንዱ ቅጂ መለያ ናቸው። «ሀ ገጽ 3ኛ» እንደማለት፤ ግን የአባቴ ካሴቱ ከጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ አይኤስአርሲ ግን ዘፈኑ የትም ቢሄድ አብሮት ይሄዳል። ዘፈኑ በነጠላ ወጥቶ፣ በኋላ አልበም ውስጥ ገብቶ፣ ከዚያ «ምርጥ የወሎ ዘፈኖች» በሚል ስብስብ ቢታተም ባርኮዱ ሦስት ጊዜ ይለያያል፣ አይኤስአርሲው ግን ያው አንድ ነው። ሥራው ሁሉ ያለው እዚች ላይ ነው።

አይኤስአርሲ 12 ቦታ አለው። መጀመሪያ ሁለት የላቲን ፊደል፣ ቀጥሎ ሦስት ፊደል ወይም ቁጥር፣ ቀጥሎ ሁለት የዓመት አኃዝ፣ መጨረሻ ላይ አምስት አኃዝ ተራ ቁጥር። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ቁጥሩን የሰጠውን ያመለክታሉ። በመካከል ሰረዝ ተደርጎ ብታዩት ለዓይን እንዲመች ብቻ ነው፣ የቁጥሩ አካል አይደለም። ሥርዓቱ ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ነው፣ ቁጥሩ 3901። የሚያስተዳድረው አይኤፍፒአይ የሚባለው የድምፅ አሳታሚዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር ነው።

የኛ ልጅ ዘፈኖች የጀመሩት «ኪው» እና «ዜድ» በሚሉ ፊደሎች ነበር። ይሄ ለአሜሪካ ከተሰጡት አንዱ ነው። ልጁ ተቆጣ። «የደሴ ልጅ ነኝ፣ ዘፈኑ ስለ ጦሳ ተራራ ነው፣ ምን በወጣኝ አሜሪካዊ ሆኜ እመዘገባለሁ?» አለኝ። መልሱን በኋላ ነው ያገኘሁት። ፊደሎቹ ቁጥሩ የተሰጠበትን መዝገብ እንጂ የዘፋኙን አገር አይናገሩም። አከፋፋዩ አሜሪካ ከተመዘገበ ቁጥሩም የአሜሪካ ፊደል ይይዛል። የባርኮድም ነገር እንደዚያ ነው። 616 የሚጀምር ባርኮድ ኬንያ ያለው ጽሕፈት ቤት ለአባሉ የሰጠው ነው። ዕቃው ናይሮቢ ተሠራ ማለት ግን አይደለም።

ቀጠለና ዓመቱን ጠየቀኝ። «21 ምንድን ነው? የቀዳነው በ13 አይደል እንዴ?» አለ። ዓመቱ በፈረንጅ ነው የሚቆጠረው፣ 2021 ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ሌላ ነገር አለ። ያ ዓመት ቁጥሩ የተሰጠበት ነው እንጂ ዘፈኑ የተቀዳበት አይደለም። በ1970ዎቹ የተቀዳ የካሴት ዘፈን ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥር ቢሰጠው የዛሬውን ዓመት ይይዛል። ስለዚህ አይኤስአርሲ አይታችሁ «ይሄ ዘፈን የ2021 ነው» ብላችሁ አትከራከሩ።

ወደ ኪሳራዬ ልምጣ። የአከፋፋዩ ክፍያ በዓመት የሚታደስ ነው። በሁለተኛው ዓመት የከፋይ ካርድ አጣን። ውጭ ያለች የልጁ አክስት ናት የምትከፍልልን፣ እሷም ሥራ ቀይራ በግርግር ረሳችው። ዘፈኖቹ ወረዱ። እኔ «ችግር የለም» ብዬ ሌላ አከፋፋይ ጋር ተመዝግቤ እንደገና ጫንኳቸው። ስጭን ለእያንዳንዱ ዘፈን አንድ ሳጥን ነበረች፤ «አይኤስአርሲ ካለህ አስገባ፣ ከሌለህ ባዶ ተወው፣ እኛ እንሰጥሃለን» የምትል። ባዶ ተውኳት። ምን አስጨነቀኝ፣ በነፃ እየሰጡኝ!

ዘፈኖቹ ወጡ። ከመካከላቸው አንዱ፣ በባቲ ቅኝት የተሠራው፣ ከመውረዱ በፊት ከ40 ሺህ ጊዜ በላይ ተደምጦ ነበር። አሁን 0 ይላል። ሰዎች ለሰርግ ያዘጋጇቸው ዝርዝሮች ውስጥ የነበረው ያው ዘፈን ግራጫ ሆኖ አይከፈትም። ልጁ ስልኩን ይዞ መጣ። ምንም አላለኝም። ስልኩን ባንኮኒዬ ላይ አስቀምጦ ቁጥሯን በጣቱ ብቻ አሳየኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የሆነው ይሄ ነው። አዲስ ቁጥር ስላገኙ ዘፈኖቹ አዲስ ተደርገው ተቆጠሩ። የድሮውን ቁጥር ብሰጣቸው ኖሮ፣ ድምፁም ርእሱም የዘፋኙም ስም ያው እስከሆነ ድረስ፣ መድረኮቹ (እነ ስፖቲፋይ) ከድሮው ጋር አያይዘው የተደመጡበትን ብዛት ይመልሱልን ነበር። የገባኝ ዕለት ነው ያንን «ደረሰኝ» ያልኩትን ኢሜይል ሌሊት የፈለግኩት። ተገኘ። አዲሶቹን አውርጄ በድሮዎቹ ቁጥሮች መልሼ ጫንኩ። ስድስቱ ድሮ ከተደመጡበት ብዛት ጋር ተመለሱ። ሁለቱ ግን እምቢ አሉ፣ ደጋግሜ ብጽፍም ከአውቶማቲክ መልስ ሌላ አላገኘሁም። ባለ 40 ሺሁ ከተመለሱት መካከል በመሆኑ ልጁ ታረቀኝ።

ስለዚህ አከፋፋይ ስትቀይሩ ያቺን ሳጥን ባዶ አትተዉ። አዲሱን ከመጫናችሁ በፊትም የድሮውን አታስወርዱ። አዲሱ መውጣቱን በዓይናችሁ አይታችሁ ነው የድሮውን የምታወርዱት።

መቼ አዲስ ቁጥር ያስፈልጋል የሚለውም አስቸግሮኝ ነበር። ድምፁ ከተለየ አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል። ሪሚክስ፣ በመድረክ የተቀዳ፣ ለሬዲዮ ያጠረ፣ በመሣሪያ ብቻ የሆነ፣ ሁሉም የየራሱ ቁጥር አለው። ክሊፕም የራሱ አለው፤ የድምፁን ቁጥር ለቪዲዮ አትስጡ። የሽፋኑ ሥዕል ስለተቀየረ ወይም የርእሱ ፊደል ስለታረመ ግን አዲስ ቁጥር የለም። ዘፈኑ ቢሸጥ፣ ባለቤት ቢቀየርም ቁጥሩ አይቀየርም።

የርእስ ፊደል ካልን አይቀር፣ ይህ ቁጥር ከፈረንጆቹ ይልቅ ለኛ ነው የሚያስፈልገው። «ትዝታ»ን በላቲን ስንት ዓይነት እንደሚጽፉት አይታችኋል? በ«አይ» የሚጽፍ አለ፣ በ«ኢ» የሚጽፍ አለ፣ አንዱን ከአንዱ የሚደባልቅ አለ። «አምባሰል» በአንድ «ኤስ» ነው በሁለት? «ወሎ» በ«ኢ» ነው በ«ኦ»? ኮምፒውተር ለአንድ ፊደል ልዩነት ሌላ ዘፈን ነው ይላል። ቁጥሩ ነው የሚያስታርቃቸው።

ባርኮዱ ጋር ደግሞ ሌላ ጉድ ሠራሁ። ሁለተኛውን አልበም በሲዲም ልናሳትም አሰብን። ውጭ ላሉ ወገኖች የሚላክ 200 ያህል ሲዲ ነው። ሽፋኑ ላይ ባርኮድ ያስፈልጋል ተባለ። ለእያንዳንዱ ዓይነት፣ ለሲዲው፣ ለሸክላው፣ ለዲጂታሉ፣ የየራሱ ባርኮድ ነው የሚሰጠው። እኔ ምን አደረግኩ? የመጀመሪያውን አልበም ባርኮድ ወስጄ የመጨረሻዋን አኃዝ በአንድ ከፍ አደረግኳት። የአባቴ ደብተር ላይ ከመ-14 ቀጥሎ መ-15 አይደል! ባርኮድ የሚሠራው ፕሮግራም ላይ ሳስገባው «ቁጥሩ ትክክል አይደለም» አለኝ። ደገምኩ። አሁንም እምቢ። ኢንተርኔቱ ነው ብዬ ዋይፋዩን አጥፍቼ አበራሁ።

ለካ የመጨረሻዋ አኃዝ ጠባቂ ናት። ከፊቷ ያሉት 11 አኃዞች ተሰልተው ነው እሷ የምትወጣው። ስሌቱ ቀላል ነው፣ እኔ ቡና ቤት ቁጭ ብዬ ሒሳብ በመጣበት ወረቀት ጀርባ ነው የሠራሁት። ለምሳሌ 012345678905 የሚለውን እንውሰድ። ከግራ ጀምረን 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ፣ 7ኛ፣ 9ኛና 11ኛ ቦታ ያሉትን እንደምር፦ 0 እና 2 እና 4 እና 6 እና 8 እና 0፣ 20 ይሆናል። በ3 ሲባዛ 60። ከዚያ በ2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ፣ 8ኛና 10ኛ ያሉትን፦ 1 እና 3 እና 5 እና 7 እና 9፣ 25። ሁለቱ ሲደመሩ 85። 85ን ቀጥሎ ወዳለው ሙሉ አሥር፣ ወደ 90፣ ለማድረስ ስንት ይጎድላል? 5። የመጨረሻዋ አኃዝ 5 ናት፣ ልክ መጣ ማለት ነው።

አሁን 4ን እና 5ን አቀያይራችሁ በስህተት ብትጽፉ ስሌቱ 63 እና 24፣ 87 ይሆናል፤ የሚጎድለው 3 ነው። ማሽኑ መጨረሻ ላይ 5 ሲያይ ወዲያው ይነቃል። ብልሃቱ ሁሉንም ስህተት ግን አይዝም። 1 እና 6ን፣ ወይም 2 እና 7ን ጎን ለጎን ብታቀያይሩ ሳይነቃ ያልፋል፣ ልዩነታቸው 5 ስለሆነ። ወረቀቱ ላይ ሞክሩት።

አይኤስአርሲ ግን ይህ ጠባቂ የለውም። አንድ አኃዝ ብታሳስቱ ማንም አይነግራችሁም፣ ቁጥሩ ዝም ብሎ ያልፋል፤ ምናልባትም የሌላ ሰው ዘፈን ቁጥር ሆኖ። ስለዚህ በእጅ አትጻፉት። ኮፒ አድርጋችሁ ለጥፉ። በወረቀት ከደረሳችሁ «ኦ» ፊደልን ከ0፣ «አይ» ፊደልን ከ1 ለዩ።

ባርኮዱ እምቢ ሲለኝ የሄድኩበት መንገድ ደግሞ የባሰ ነበር። ቴሌግራም ላይ ባርኮድ የሚሸጥ ሰው አገኘሁ። ርካሽ ነው። ገንዘቡን ላክሁ፣ ሥዕሉ መጣ። ማተሚያ ቤት ከመላኬ በፊት በስልኬ ስካን አደረግኩት። የፀጉር ቅባት ወጣ። ወላሂ፣ ባለ አንድ ሊትር የፀጉር ቅባት! ቁጥሩን ከሌላ ዕቃ ላይ ገልብጦ ነው የሸጠልኝ። ደግነቱ አልታተመም። ባርኮድ የሚመነጨው ጂኤስዋን ከሚባለው ድርጅትና በየአገሩ ካሉ አባሎቹ ነው። የሙዚቃ አከፋፋዮች ደግሞ ከዚያ የወሰዱትን ቁጥር ለደንበኞቻቸው ያድላሉ። ብዙዎቹ ለዲጂታል አልበም በነፃ ነው የሚሰጡት። እኔም በመጨረሻ ለሲዲው የሚሆን ሁለተኛ ቁጥር የወሰድኩት ከነሱ ነው።

በነገራችን ላይ ባርኮድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሱቅ ውስጥ የተነበበው አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ነው፣ ሰኔ 19 ቀን 1966 ዓ.ም.። ዕቃው አንድ ፓኮ ማስቲካ ነበር። ቀኑን ሳነብ ዓመቱ ነው ዓይኔ የገባው። እነሱ ማስቲካ በብርሃን ሲያነቡ ወሎ ከረሃቡ ገና አላገገመም ነበር። የኛ ሰው 66ን የሚያስታውሰው በሌላ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ቁጥሩን የማውቅ መሰለኝ። ከዚያ ጋሼ መጡ። ጋሼ የምላቸው የአባቴ የድሮ ደንበኛና ወዳጅ ናቸው፣ ማሲንቆ ተጫዋች። ድሮ አዲስ አበባ ሄደው አንድ ካሴት አስቀድተው ነበር። ካሴቷን በመሐረብ ጠቅልለው ይዘው መጡ። «ልጄ፣ እቺን ኢንተርኔት ላይ አውጣልኝ፤ ልጆቼ ይስሙኝ» አሉ። ቡና ተፈልቶ ነበር፣ አቦሉን እየጠጣን ነገርኳቸው። ቁጥር እንደሚሰጣት፣ ቁጥሩ ለዘላለም የሷ እንደሚሆን። ደስ አላቸው። «እንግዲህ ቁጥር ካወጣህላት የኔ ናት ማለት ነው፤ ማንም አይነካትም» አሉኝ።

እዚህ ላይ ቆምኩ። ቁጥሩ የቤት ቁጥር ነው እንጂ የቤት ካርታ አይደለም። በር ላይ ቁጥር የለጠፈ ሁሉ ባለቤት አይሆንም። «ጋሼ፣ ያኔ ሲቀዱ የፈረሙት ወረቀት አለ?» አልኳቸው። አለ። በማግሥቱ ይዘውት መጡ። ለአሳታሚው በአንድ ጊዜ ክፍያ ሸጠውለት ነበር፣ ሙሉ በሙሉ። በኛ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996፣ የደራሲው፣ የተጫዋቹና የድምፅ ቅጂው አሳታሚ መብት የተለያዩ ናቸው። የአሳታሚው ጥበቃ 50 ዓመት ይዘልቃል። የጋሼ ካሴት ገና አልሞላትም። ስለዚህ ለዚያ ቅጂ አይኤስአርሲ ማውጣት የሚገባው ያ አሳታሚ ወይም ወራሾቹ ናቸው። እኔ ላወጣለት ብችል እንኳ፣ ሲስተሙም ማንም ሳይጠይቀኝ ቢቀበለኝ እንኳ፣ የሰው ቤት ላይ ቁጥር መለጠፍ ነው።

ጋሼ ዝም አሉ። ከዚያ «ድምፄንም ሸጬለታለሁ?» አሉኝ። አልሸጡም። የሸጡት ያንን ቅጂ ነው። ዜማው የሕዝብ ባቲ ነው፣ ግጥሙን ወረቀቱ አይጠቅሰውም። ዛሬ ማሲንቋቸውን ይዘው ቢገቡና ቢዘፍኑት አዲስ ቅጂ ነው። አዲስ ቁጥር ያወጣል፣ ባለቤቱም እሳቸው ናቸው። (ወረቀታችሁ ላይ «ድጋሚ አልቀዳም» የሚል አንቀጽ ካለ ሌላ ነገር ነው፣ አንብቡት።) ሐሙስ ገብተው በሁለት ሰዓት አራት ዘፈን ጨረሱ። ድምፃቸው ድሮ ከነበረው ወፍሯል። እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ።

ለዜማና ለግጥም ደግሞ ሌላ ቁጥር አለ፣ አይኤስደብሊውሲ የሚባል። የድርሰቱ መለያ ነው። አንድ መንዙማ አሥር ሰው ቢቀዳው አሥር አይኤስአርሲ ይኖረዋል፣ ድርሰቱ ግን አንድ ነው። ይህ ቁጥር ከአከፋፋይ አይገኝም፣ የደራሲያንን መብት የሚያስተዳድሩ ማኅበራት ናቸው የሚሰጡት። አከፋፋዩ አይኤስአርሲ ስለሰጣችሁ የግጥምና የዜማ ክፍያችሁም የተመዘገበ እንዳይመስላችሁ።

ሌላ አንድ ዱብ ዕዳ። አንዲት ዘፋኝ ክሊፗን ዩቲዩብ ላይ በጫንን በሦስተኛው ቀን የቅጂ መብት ጥያቄ መጣብን። አይኤስአርሲ አለን፣ ባርኮድ አለን፣ ሁሉ አለን። ምንም አልጠቀመንም። ዩቲዩብ የሚያወዳድረው ድምፁን ራሱን ነው፤ ቁጥሩን አይደለም። ነገሩን ስናጣራ ቅንብሩን የሠራልን ልጅ ያንኑ የኪቦርድ ቅንብር ለሌላ ዘፋኝም ሸጦታል። ያቺኛዋ ቀድማ አስመዘገበች። ከሁለቱም ጋር ተነጋግረን፣ በሽማግሌ ነው ያለቀው፤ እነሱ የመብት ጥያቄውን ሰረዙ፣ እኛ ቅንብሩን ቀየርን። ቅንብሩ ስለተቀየረ ድምፁም ተለየ፣ ስለዚህ አዲስ አይኤስአርሲ። ከዚያ ወዲህ ከአቀናባሪ ጋር በወረቀት ሳልፈራረም ሥራ አልጀምርም።

ስም ደግሞ አለ። ወሎ ውስጥ ስም እንደምታውቁት ነው። በአንድ ቤት መሐመድና ገብረማርያም አብረው ይበላሉ፣ አንድ ሰፈር ውስጥ አምስት ሰው አንድ ስም ይኖረዋል። አንድ ደንበኛዬ ዘፈኑ ወጥቶ ሲያየው ሌላ አገር በሚኖር ሞክሼው ገጽ ላይ ተሰቅሏል። ሞክሼው ራፕ ነው የሚሠራው። የሱ አድማጮች በድንገት የወሎ ማሲንቆ መጣባቸው። አይኤስአርሲ ይህን አያስተካክልም፤ እሱ የቅጂው ነው፣ የሰውየው አይደለም። መድረኮቹ ለአርቲስቱ የራሳቸው መለያ አላቸው፤ ስትጭኑ የዘፋኙን ገጽ ሊንክ ስጧቸው፣ አዲስ ከሆነም «አዲስ አርቲስት» የሚለውን ምረጡ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ከከተማ ወጣን። ስንመለስ በሩ ተሰብሯል፣ ኮምፒውተሩም ሃርድ ዲስኩም የሉም። የአባቴ ደብተርም የለችም። እሷን ምን ሊያደርጓት እንደወሰዷት እስካሁን አይገባኝም። የዘፈኖቹ ዋና ፋይል ጠፋ፤ ቁጥሮቹ ግን በኢሜይል ነበሩ። ስፖቲፋይ መፈለጊያ ላይ «አይኤስአርሲ» የሚለውን በላቲን ጽፋችሁ፣ ሁለት ነጥብ አድርጋችሁ ቁጥሩን ብታስከትሉ ያው ዘፈን ይወጣል። በባርኮድም «ዩፒሲ» ብላችሁ አልበሙ ይወጣል። እንደዚያ እያደረግኩ አንድ በአንድ ያወጣሁትን ሁሉ መዘገብኩ።

አሁን መዝገቤ ኤክሴል ላይ ነው፣ አንድ ቅጂ ኢሜይል ላይ፣ አንድ የታተመ ደግሞ እናቴ ቤት። ርእሱ በአማርኛ፣ ርእሱ በላቲን እንደተጫነው ፊደል በፊደል፣ አይኤስአርሲ፣ የነጠላው ባርኮድ፣ የአልበሙ ባርኮድ፣ የተቀዳበት ቀን፣ ማን ዘፈነ፣ ማን ተጫወተ፣ ማን አቀናበረ፣ የማን ነው። ኤክሴል አንድ ክፉ አመል አለው። በ0 የሚጀምር ባርኮድ ስትጽፉ 0ዋን ይበላታል። ረጅሙን ቁጥር ደግሞ አሳጥሮ የማይነበብ ያደርገዋል። ከመጻፋችሁ በፊት ዓምዱን «ቴክስት» አድርጉት።

የጋሼ አራቱ ዘፈኖች ወጥተዋል። ሁለቱ ባቲ ናቸው፤ አንዱ ፈጠን ያለ፣ አንዱ በቀስታ። የሁለቱንም ቁጥር በትልቁ ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ፣ መታወቂያቸው ውስጥ አጥፈው ይዘውታል። ባለፈው ቡና ላይ አንድ የሰፈር ልጅ «ጋሼ፣ ባቲዎን በስልኬ ሰማሁት እኮ!» አላቸው። ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡ። ወረቀቷን ከመታወቂያው ውስጥ አውጥተው መነጽራቸውን አደረጉ።

«የቱን?» አሉት።